«እየዋጥኩ ነው» ይላሉ፣ ክኒኑ ግን አልተነካም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ። የጻፉልኝ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸው ግን አንድ ነው። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት የማይወስዱ ትልልቅ ሰዎች። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ማንነት የሚጠቁም ነገርም አውጥቻለሁ። ለማታውቁኝ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ሲያማርሩ በየቀኑ እሰማለሁ። ወላጆቹ ደግሞ ሰው ሲቀንስ ጠብቀው፣ መስኮቱ ጋ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነግሩኝ ሌላ ነው። ልጆቹ «ግትር ናቸው» ይላሉ። ወላጆቹ ግን ምክንያት አላቸው፤ የጠፋው በወጉ የሚጠይቃቸው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለብሽ ከተባለች ቆየች። አምሎዲፒንና ሽንት የሚያሸና ክኒን ታዞላታል፣ በየወሩ የምገዛላት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሙሉ ሙሉ ስትሪፕ አገኘሁ። ግማሹ ጊዜው አልፎበታል። ጮህኩባት። «እየዋጥኩ ነው እኮ» ብላ ድርቅ አለች። ለምንድነው የምትዋሸኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ብሩ የላብሽ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ እናትሽ መድኃኒቱን አልጣሉትም፣ ሸሸጉት። ክኒኑ አይረባኝም ያለ ሰው ይጥለዋል ወይም ለጎረቤት ይሰጠዋል። ጠቅልሎ ከነጠላ ሥር የሚያኖር ሰው ግን ልጄ ይከፋታል ብሎ የፈራው ነገር አለ። ስለዚህ ውሸት ብለሽ አትያዥባቸው፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ጋ ያለውን መገመት አያቅትም።

እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገጥመኝ «ለምን አልወሰዱም?» ብዬ አልጀምርም። ይሄ እንደ ክስ ነው የሚሰማው፤ የክስ መልስ ደግሞ «ኧረ ወስጃለሁ» ነው። «እማማ፣ ይሄኛው ክኒን ሲውጡት ምን ያደርግዎታል?» ነው የምለው። ያኔ ወሬው ይመጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው «ምንም አላመመኝም» የሚለው ነው። ግፊት አያምም፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግፊቱን በራስ ምታት ነው የሚለካው፤ ራሱን ሲያመው ይውጣል፣ ሲተወው ይተዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ 120 በ80 ሲባል ደግሞ «ተመስገን፣ ተስተካከለልኝ» ብሎ ያቆማል። የተስተካከለው እኮ በክኒኑ ነው። ሲያቆሙት ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል፤ ሲወጣ ድምፅ የለውም፣ አንዳንድ ሰው ላይ የመጀመሪያው ምልክት ስትሮክ ነው።

ቀጥሎ የክኒኑ የራሱ ጣጣ አለ። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት አካባቢ እግር ያሳብጣል። ማታ ጫማ አልገባ ሲላቸው «ኩላሊቴን ነካው» ብለው ይደነግጣሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ ያቆሙታል። እብጠቱን ሐኪም ማየት አለበት፤ ከክኒኑ ከሆነ ግን መጠኑን ቀንሶ ወይም በሌላ ለውጦ የሚፈታው ነገር ነው። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችንም ደረቅ ሳል አላስተኛ ይላቸዋል፤ ለእሱም ምትክ አለው።

የሚያሸናው ክኒን ጉዳይ ግን እናቶች ፈጽሞ ለልጆቻቸው የማይናገሩት ነው። እስቲ አስቢው። ጠዋት ክኒኑን ውጠው ቅዳሴ ቆመዋል፣ መሀል ላይ ሽንት ያጣድፋቸዋል። ወይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው። ወይ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ አያውቁም፣ መጠየቅም ያሳፍራቸዋል። አንድ ቀን ከደረሰባቸው ይበቃል። ከዚያ በኋላ «ከቤት የምወጣ ቀን አልውጠውም» ይላሉ፤ የሚወጡበት ቀን ሲቆጠር ደግሞ የወሩ አብዛኛው ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በዚያ ቀን ሰዓቱን ማዘዋወር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መዋጥ። ግን ሐኪሙ ያላወቀውን አይፈታውም።

«መድኃኒት ሲበዛ ኩላሊት ይጨርሳል» የሚለውን ወሬ ደግሞ ከጎረቤት ሰምተው ይሆናል። ኩላሊት የሚጎዳው ያልታከመ ግፊት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንዲያውም ሌላ ነገር ነው። የግፊት ክኒኑን የሚፈሩት ሰዎች ለጉልበታቸው ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ እየገዙ በየቀኑ ይወስዳሉ። እነዚህ ናቸው ግፊት የሚጨምሩት፣ ትልልቅ ሰዎች ላይ ኩላሊትም የሚጎዱት። የእናትሽን ቦርሳ ውስጥ አይዪ፣ እሱም አይጠፋም።

ከሁሉ በታች ደግሞ ብር አለ። በየወሩ ገዝተሽ ስትገቢ ፊትሽን ያያሉ። ዋጋው እንደጨመረ ሰምተዋል። «ከልጆቿ ጉሮሮ ነጥቃ ነው ለእኔ የምትገዛው» ብለው ያስባሉ፣ ስለዚህ በሁለት ቀን አንዴ እየዋጡ የተረፈውን ያስቀምጣሉ። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ደጋግመው ስላዩ ለክፉ ቀን ብለውም ይሆናል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ሰው በሌለበት፣ ቡና ላይ፣ «እማዬ፣ ባለፈው ስለጮህኩ ይቅርታ፤ ከእነዚህ ውስጥ የማትወጂው የቱን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚጠላ ክኒን መኖሩን አንቺው አስቀድመሽ ካመንሽላቸው መናገሩ ይቀላቸዋል። ከዚያ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቋረጠ ለሐኪሙ በትክክል ይነገረው፤ ግፊታቸው ሳይለካ የተቆለለውን ክኒን በራስሽ አታስጀምሪ። ጊዜው ያለፈበትን ደግሞ ለመድኃኒት ቤት አስረክቢ። ሲጀምሩ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር አያይዙት፤ ለብዙ እናቶች የጠዋት ቡና ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 69 ነው። ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ አሁን ዓይኔም እጄም ደክሟል። ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ ሜትፎርሚንም አለ፣ የግፊትና የኮሌስትሮልም ታዞልኛል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ አለኝ፣ መዋጮዬን በየዓመቱ እከፍላለሁ። መድኃኒት ስጠይቅ ግን አንዱ ቢገኝ ሁለቱ «የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ነው። ስለዚህ ያለችኝን አብቃቃለሁ። ኢንሱሊኑን ቀን እየዘለልኩ፣ ሌላውን በፈረቃ። ረመዳን ላይ ሁሉንም አቁሜ ነበር። ሐኪሙ «እየወሰዱ ነው?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ፤ ስኳሩ አልወርድ ስላለው መጠኑን ጨመረልኝ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለችኝ፤ ወንድሞቿን የምታስተምር እሷ ናት፣ በእኔ ደግሞ እንድትቸገር አልፈልግም። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን ያህል ግልጽ አድርገው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ከጻፉት ሁሉ ያስደነገጠኝ የብሩ ነገር አይደለም፤ «አዎ እላለሁ፣ መጠኑን ጨመረልኝ» የሚለው ነው። ሐኪሙ የጨመረልዎት፣ የበፊቱን ሙሉ እየወሰዱ አልበቃ ያለዎት መስሎት ነው። አንድ ቀን ብር አግኝተው፣ ሁሉንም ገዝተው፣ የተጨመረውን ሙሉ መጠን ቢወጉ ስኳርዎ በአንዴ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ያ ደግሞ ከመጨመሩም በላይ ቶሎ ይጥላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልብዎ ከመታ ወይም ነገር ከተምታታብዎት ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ይጠጡ፣ ምግብም ይከተል። ቤት ያሉ ሰዎችም ይህን ይወቁት።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄዱት ሐኪሙ ጋ ነው። ቀጠሮ አይጠብቁ። የሚሉትም አጭር ነው፤ «ዶክተር፣ የታዘዘልኝን ሙሉ እየወሰድኩ አልነበረም፣ መግዛት አቅቶኛል።» አያፍሩበት። ሐኪሙ ይህን ከሰማ ሊሠራበት የሚችለው ብዙ ነገር አለ። አቅም ሲያንስ የትኛው ፈጽሞ መቋረጥ እንደሌለበት፣ የትኛው ለጊዜው ሊቆይ እንደሚችል እሱ ነው የሚለየው። ከተጻፈልዎት ውስጥ አሁን የማያስፈልግ ካለም ያወጣዋል። እኔ ከሩቅ ሆኜ የምነግርዎት አንዱን ብቻ ነው፦ ኢንሱሊን በፈረቃ አይሆንም። ሌላው ሁሉ ቢጎድል እንኳ የሚገኘው ብር መጀመሪያ ለእሱ ይዋል።

አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ ውስጡ 1000 ዩኒት አለ። በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ሰው ወር ያህል ያደርሰዋል ማለት ነው። የእርስዎን መጠን በዚህ ካሰሉት በወር ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግዎት አስቀድመው ያውቃሉ፣ ባለቀ ዕለት ከመሯሯጥ ይድናሉ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ። የተከፈተው ፀሐይና ሙቀት በማያገኘው ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ወደ ካርድዎ ልምጣ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የተገባው ቃል፣ አባል የሆነ ሰው በታመመ ሰዓት ኪሱን አይዳብስም የሚል ነበር። መዋጮውን እየከፈለ መድኃኒቱን ከውጭ የሚገዛ ሰው ያንን ቃል ግማሹን ነው ያገኘው። ይህን ማንም ሊያድበሰብሰው አይገባም። «የለም» ሲባሉ ዝም ብለው አይውጡ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲጻፍና ማህተም እንዲደረግበት ይጠይቁ፣ ይዘውት የመድህን ክፍሉ ጋ ይሂዱ፣ ከመድህኑ ጋር ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን፣ ከኪስዎ ያወጡትስ የሚታሰብበት መንገድ እንዳለ ይጠይቁ። ደረሰኝ አይጣሉ። ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮዎት ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ብቻውን የሚለምን ሽማግሌ ቶሎ ይሸኛል፣ የማዝንበት ነገር ነው ግን እውነት ነው።

ከውጭ መግዛት ግድ ከሆነም ዋጋ ይጠይቁ። የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ሲጀምር ዋጋው አብሮ ነው የናረው። ያም ሆኖ አንድ ዓይነት መድኃኒት በተለያየ ፋብሪካ ስም ሲሸጥ የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። መስኮቱ ላይ «ይዘቱ ይሄው የሆነ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ የለም?» ብለው ይጠይቁ። ይሄ የደሃ ጥያቄ አይደለም፤ እኛ ፋርማሲስቶችም ለራሳችን ቤተሰብ የምንጠይቀው ነው። በብዙ ከተማ የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት አለ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከነማ መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ ሌላ ቦታ ከመግዛትዎ በፊት እነሱ ጋ ዋጋ ይዩ። የወሩን መግዛት ካልቻሉ የአሥር ቀን ይግዙ፣ አሥሩን ቀን ግን እንደታዘዘው ይውሰዱ።

ስለ ረመዳን፦ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። አንዳንዱ መጠንና ሰዓት ተስተካክሎለት ይጾማል፣ አንዳንዱ አይችልም፤ ለማይችለው ደግሞ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል። ሁሉንም አቁሞ መጾም ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ስለ ልጅዎ የምለው ደግሞ ይሄ ነው። ስትደውል «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» ትላለች፣ እርስዎም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። እሷም ደህና ናቸው ብላ ብሩን ለሌላ ነገር ትመድባለች። ብታውቅ ግን በወር የሚያስፈልገውን ሰምታ አቅሟ የፈቀደውን መላክ ትችላለች። ይህን አሁን ካልሰማች አንድ ቀን «አባትሽ ሆስፒታል ገብተዋል» የሚል ስልክ ነው የሚደርሳት፤ ያኔ የሚጠየቀው ብር ከኢንሱሊን ብልቃጥ ጋር አይወዳደርም፣ እንደልቧም መምጣት አትችልም። በዚህ ሳምንት ስትደውል ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለነው። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድህን) አለው። ኩሽናው ላይ ሰባት ጠርሙስ መድኃኒት ተደርድሯል። ሐኪሙ ግን ስኳሩም ግፊቱም አልተስተካከለም ትላለች። ሰሞኑን ሰው ወደ አገር ቤት ሲሄድ፣ አባቴ የራሱን ክኒን በፖስታ አድርጎ ጎንደር ላለው ወንድሙ ሲልክ ያዝኩት። «እሱ አጥቷል፣ እኔ ሞልቶኛል» ነው መልሱ። ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምለት የ15 ዓመት ልጄ ነው። (ከአሜሪካ)

መልስ፦ አባትሽ ክፉ ነገር አልሠሩም፣ ወንድማቸው እያጣ እሳቸው ብቻ መዋጥ ከብዷቸው ነው። ስለዚህ «ለምን ላክህ?» ከማለት የአጎትሽን ችግር ራሱን ፍቺው። አጎትሽ የሚያስፈልጋቸው በራሳቸው ምርመራ የታዘዘ መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ለምሳሌ ኩላሊት በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም፣ መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአባትሽ ክኒን ለእሳቸው ላይስማማ ይችላል። እንደ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን ያሉት ደግሞ አገር ቤትም የሚሸጡ ናቸው። በክኒኑ ፋንታ በየወሩ ትንሽ ዶላር ተልኮ እዚያው ይገዛ። አባትሽ ይህን ሲያዩ የራሳቸውን ለመዋጥ ልባቸው ያርፋል።

ልጅሽን ከአስተርጓሚነት አውጪው። የልጅ ልጃቸው ፊት «ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ»፣ «ከዚህ ክኒን ወዲህ ወንድነቴ ደከመ» የሚሉ አባት የሉም። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ይህን ያደርጋል፤ ወንዶች በዝምታ የሚያቆሙትም በዚህ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በሕግ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ» በይ፣ በስልክም ቢሆን ይመጣል። አንቺም የተወሰነ ሰዓት ከክፍሉ ውጪላቸው።

አሁን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንሺያቸው። አባትሽ ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስቡት? ሐኪሟ «ስምንት ሰዓት ላይ» ስትል ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው፤ አባትሽ ግን ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እየወሰዱት ሊሆን ይችላል። ይሄ ስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። በየጠርሙሱ ላይ በትልቅ የአማርኛ ጽሑፍ «ጠዋት ከቁርስ ጋር»፣ «ማታ ከእራት በኋላ» ብለሽ ለጥፊበት፤ ቁጥር አትጻፊ። ክዳኑስ ይከፈትላቸዋል? እዚያ አገር ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ጣቱ የሚያመው ሽማግሌም አይከፍተውም። ፋርማሲው ቀላል ክዳን እንዲያደርግላቸው መጠየቅ ትችያለሽ። በሳምንቱ ቀን የተከፋፈለ የክኒን ሳጥን ግዢና እሁድ እሁድ አብራችሁ ሙሉት።

ሰባቱም ያስፈልጉ እንደሆነ ደግሞ ይጠየቅ። ሁሉንም በከረጢት አድርገሽ ለሐኪሟ ወይም ለፋርማሲስቱ ውሰጂ፣ አንዱ ተደግሞ የታዘዘ ወይም ጊዜው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ዋጋም ከሆነ የሚያስፈራቸው፦ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜዲኬር የመድኃኒት መድህን ያለው ሰው ለተሸፈነለት መድኃኒት በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር ነበር። የተሸፈነ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ደግሞ «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባል ድጎማ አለ፣ ማመልከቻው የጡረታ ጉዳይ በሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል ነው። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ስለማያውቁት ብቻ አይጠቀሙበትም።

ጥያቄ፦ አባታችን ጸበል ከጀመረ ወዲህ የልብና የግፊት መድኃኒቱን አቁሟል። «ክኒን ከዋጥኩ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው» ይላል። ጾም ሲሆን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከአባታችሁ ጋር ስለ እምነት አትከራከሩ፣ አታሸንፉም፤ መከራከርም አያስፈልግም። ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ ያለው ማን ነው? በ1990ዎቹ መጨረሻ እንጦጦ ላይ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ይህን ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ይሻላል። ቀድማችሁ ሄዳችሁ አማክሯቸው። «ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው።

የመድኃኒቶቹን ስም አልጻፋችሁም። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ካለበት አስቸኳይ ነው፤ እነዚህ በድንገት ሲቋረጡ ልብን ያናውጣሉ። ደረት ላይ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ዛሬውኑ ይታዩ።

ጾሙም እንቅፋት አይሆንም። በቀን አንዴ የሚወሰዱ ብዙዎቹ የግፊት ክኒኖች በሐኪም ምክር ወደ ማታ ይዞራሉ። ሁለቴ የሚወሰደውም በአንዴ በሚበቃ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ አምድ ላይ ለሚያነቡ ሌሎች ጿሚዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን በባዶ ሆድ ውጣችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆዩ። በተለይ ዕድሜው የገፋ ሰው ላይ ስኳርን በጣም አውርዶ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ክኒን ለሁለት ከፍዬ ብውጥ ሁለት ወር አያደርሰኝም? (ያለ አድራሻ)

መልስ፦ የታዘዘልዎት አንድ ሙሉ ከሆነ ግማሹ ግማሽ ሕክምና ነው፣ ሁለት ወር አደረሰዎት ማለት ሁለት ወር ሕመምዎ በወጉ ሳይታከም ከረመ ማለት ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ። አንዳንዴ የ10 ሚሊ ግራሙ ክኒን ዋጋ ከ5ቱ ብዙም አይለይም፤ ሐኪሙ 5 ካዘዘልዎት የ10ሩን ገዝቶ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። መሀሉ ላይ የመክፈያ መስመር ያለው ክኒን ብዙውን ጊዜ ይከፈላል። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራውን ግን፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ሪታርድ»፣ «ኤስ አር» ወይም «ኤክስ አር» የሚል ካለበት፣ አይክፈሉት፣ አያድቅቁትም፤ የቀኑን ሙሉ መጠን በአንዴ ይለቀዋል። ካፕሱልም እንደዚያው፤ ሳይጠይቁ አይክፈቱት። ስሙን ካላወቁት ስትሪፑን እንዳለ ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት ይምጡ፣ አይተን ለመንገር ደቂቃም አይፈጅብንም።